የሰፋ ድምፅ፣ የጸና ድምፅ

«ስቴሪዮ» ሲባል አብዛኛው ሰው ሁለት ስፒከር ያስባል፤ ግራና ቀኝ። ሌላው ደግሞ ስፋት ያስባል። የቃሉ ሥር ግን ሁለትም ስፋትም የለበትም። ግሪኩ «ስቴሬዎስ» ጠንካራ፣ ጽኑ፣ ውስጡ ያልተቦረቦረ ድፍን ነገር ማለት ነው። ቦክስ ጊታሩን በኮምፒውተር ቀርጾ ድምፁን ግራና ቀኝ ለሚዘረጋ ሙዚቀኛ ይህ የቃል እውቀት ብቻ አይደለም። ድምፅ ማስፊያ የሚባሉት ፕለጊኖች፣ በመቅረጫው ፕሮግራም ላይ የሚጨመሩት መሣሪያዎች፣ ብዙ ናቸው፤ ድምፁን ሲያሰፉ ጽናቱን የሚነጥቁትም ብዙ ናቸው። ጥሩውን ከመጥፎው የሚለየው ፈተና እዚሁ የቃሉ ሥር ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ ቃል በቃል እንሂድ።

የስቴሬዎስ ዘመዶች በየቦታው ተበትነዋል። ኮሌስትሮል አንዱ ነው፤ «ኾሌ» ሐሞት፣ «ስቴሬዎስ» ድፍን። ነገሩ መጀመሪያ የታወቀው በሐሞት ጠጠር ውስጥ ስለነበር ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ሼቭረል በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ስሙን ከሁለቱ ገጣጠመው። ስቴሪዮታይፕ ሌላው ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የፓሪሱ አታሚ ፊርሜን ዲዶ አንድ ገጽ ሙሉ ፊደል በአንድ ድፍን የብረት ሰሌዳ የሚታተምበትን ዘዴ በዚህ ስም ጠራው። በሰሌዳው ላይ ያለ ፊደል አይነቀልም፣ አይለወጥም። እ.ኤ.አ. በ1922 አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ዋልተር ሊፕማን ቃሉን ወደ ሰው አሳብ አሻገረው፤ ሳይፈተን የደረቀ ግምት ሆነ። ሐሞቱ፣ ሰሌዳውና ግምቱ የሚጋሩት ድፍንነትን ነው።

በግዕዝ የስቴሬዎስ እኩያ «ጸንዐ» ነው። አማርኛ ዐይኑን ጣለና «ጸና» አለ፤ ጸን ወደ ጠ አዙሮም «ጠና» አለ፤ ጸጉር ጠጉር እንደሆነው ሁሉ። ከጸና ጽኑና ጽናት ወጡ፤ ከጠና ጥኑና ጥናት። ትምህርት ማጥናት ከሥሩ ማጽናት ነው፤ የተማሩት እንዳይናድ ማጥበቅ። ጤና ቢመስልም ከዚህ ቤት አይደለም፤ እሱ ከ«ጥዕየ» ወገን ነው።

ድፍኑ ነገር ወደ ድምፅ የመጣው በጂዮሜትሪና በዐይን በኩል ነው። ለጥንቱ የጂዮሜትሪ ሊቅ ለኤውክሊድ «ስቴሬዎን» ርዝመት፣ ወርድና ጥልቀት ያለው አካል ነው። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊትስተን እ.ኤ.አ. በ1838 ሁለት ጠፍጣፋ ሥዕሎችን ለሁለት ዐይን ለየብቻ የሚያሳይ መሣሪያ ይፋ አደረገ። ተመልካቹ ጠፍጣፋ ሥዕል መሆኑ ይጠፋበትና ጥልቀት ያለው አካል ያያል። ዊትስተን መሣሪያውን ስቴሪዮስኮፕ አለው፤ አካልን ማያ እንደማለት። «ስኮፕ» የሚለው ክፍል ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ግን ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ አብሮን ኖሯል። ኤጲስ ቆጶስ «ኤጲ» ከላይ፣ «ስኮጶስ» ተመልካች ነው። አንዱ የግሪክ ሥር በሁለት በር ገብቷል ማለት ነው፤ አንድ ጊዜ በአክሱም ዘመን በቤተ ክርስቲያን በር፣ ሌላ ጊዜ በ20ኛው መቶ ዘመን በመሣሪያ መደብር በር። በዚህ ጽሑፍ ይህን የሁለት በር ነገር ደጋግመን እናገኘዋለን።

የዊትስተን መሣሪያ ለጊታር ቀራጭ የሚሰጠው ትምህርት አንድ ነው። ሁለቱ ሥዕሎች በጥቂቱ መለያየት አለባቸው። ለሁለቱም ዐይን አንድ ዓይነት ሥዕል ብታሳዩ ከጠፍጣፋነቱ አይነሣም። በኮምፒውተር ሙዚቃ የጀመረ ሁሉ የሚሞክረው ነገር ይህንኑ ሕግ ይጥሳል፤ የጊታሩን ትራክ ይገለብጥና አንዱን ፈጽሞ ወደ ግራ፣ ሌላውን ፈጽሞ ወደ ቀኝ ይወስዳል። ድምፁ ከፍ ይላል እንጂ አይሰፋም። በሁለቱ ስፒከሮች የሚወጣው አንድ ዓይነት ስለሆነ ጆሮ መሀል ላይ ያስቀምጠዋል። ስፋት የሚወለደው ከልዩነት ነው። የማስፊያ መሣሪያ ሁሉ ሥራም ልዩነት መፍጠር ነው፤ ጥያቄው ልዩነቱን ከየት አመጣው የሚለው ነው።

የስቴሪዮ ተቃራኒ ሞኖ ነው፤ «ሞኖስ»፣ አንድ ብቻ፣ ብቸኛ። የዚህ ቃል ዘመድ በየገዳማችን አለ። ግሪኩ ከሞኖስ «ሞናኾስ» አወጣ፤ ብቻውን የሚኖር። ግዕዝ «መነኮስ» ብሎ ወሰደው፤ አማርኛ መነኩሴ አለ፤ ከስሙም ግሥ አበጅቶ መነኮሰ፣ ምንኩስና አለ። ሞኖ ትራክና መነኩሴ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። በአንድ ማይክ፣ ከ12ኛው ፍሬት ፊት ለፊት በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት የተቀረጸ ቦክስ ጊታር በሙሉ ትርጉሙ ሞኖ ነው፤ አንድ ጆሮ፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ድምፅ። ድምፁ ደሃ አይደለም። ዘፋኝ፣ ቤዝና ከበሮ በሞላበት ሙዚቃ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚበጀው እሱ ነው፤ ቦታውን ይዞ ይቆማል። ጊታሩ ብቻውን ሲሆን፣ ወይም ከአንድ ድምፃዊ ጋር ብቻ ሲሄድ ግን ሰሚው ስፋት ይፈልጋል።

ስፋትና ጽናት የተገናኙበት ጥንታዊ ቦታ ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ነው። በሁለተኛው ቀን የተፈጠረውን ዕብራይስጡ «ራቂዐ» ይለዋል። ግሡ «ረቀዐ» ነው፤ ብረት ቀጥቅጦ ማሳሳት፣ ማስፋት። ሰማይ ተቀጥቅጦ የተዘረጋ ነገር ነው። የሰብዓ ሊቃናቱ ግሪክ ደግሞ «ስቴሬዎማ» አለው፤ ከስቴሬዎስ የወጣ፣ የጸና ነገር። ዕብራይስጡ ያየው ስፋቱን ነው፤ ግሪኩ ያየው ጽናቱን። ግዕዝ ከግሪኩ ሲተረጉም «ጠፈር» አለ። ጠፈር በግዕዝ የቤት ጣሪያም ነው። በአማርኛ ጠፍር የቆዳ ማሰሪያ፣ ጠፈረ ደግሞ በጠፍር አጥብቆ ማሰር ነው። በግዕዝ «ፀፈረ» ጎነጎነ፣ ታታ ነው። እነዚህን ቃላት ጎን ለጎን ሳነብ ጠፈር ሦስተኛ መንገድ ሆኖ ይታየኛል፤ ተጎንጉኖና ታስሮ የሰፋ፣ በመታሰሩም የጸና። ዛሬ ጠፈር ከምድር ውጭ ያለው ባዶ ቦታ ሆኗል፤ ጠፈርተኛም ወጥቶለታል። የጣሪያው ቃል ጣሪያ የሌለውን ቦታ መጥራቱ ከትርጉም ጉዞዎች ሁሉ የሚያስደንቀኝ ነው።

እነዚህን ሦስት መንገዶች ያዙልኝ፤ ቀጥቅጦ ማሳሳት፣ ድፍን አድርጎ መተው፣ ጎንጉኖ ማስፋት። ጊታር የሚቀረጽበት ኮምፒውተር ላይ ሦስቱም አሉ።

መጀመሪያ የመሣሪያው ስም። ጊታር ከግሪኩ «ኪታራ» ነው፤ በዐረብኛ «ቂታራ»፣ በስፓንኛ «ጊታራ» ሆኖ ዞሯል። በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3 ላይ ከንጉሡ ምስል ፊት ከሚመቱት መሣሪያዎች አንዱን አራማይኩ «ቃይትሮስ» ይለዋል፤ እሱም ይኸው ኪታራ ነው። የመዝሙረ ዳዊት ግዕዝ ኪታራን መሰንቆ ብሎ ተረጎመው። የዳዊት ኪታራ በመገረፍ የሚመታ ሲሆን የኛ መሰንቆ በቀስት የሚገዘገዝ ባለ አንድ ክር ነው፤ መጽሐፍ ያገናኛቸው እንጂ ቅርጻቸው አይገናኝም። የአዲስ አበባ ሙዚቀኛ ያልተሰካውን ጊታር ቦክስ ጊታር ይለዋል። ቦክስ ሲመረመር ወደ ግሪኩ «ፒክሲስ» ይወስዳል፤ ከፒክሶስ ዛፍ የተሠራ ሳጥን። «አኩስቲክ» ደግሞ «አኩዎ»፣ እሰማለሁ፣ ከሚለው ነው። ይህ ቅጽል ለጊታር የተሰጠው ኤሌክትሪክ ጊታር ከመጣ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ጊታር ጊታር ብቻ ነበር።

ክሩን ግዕዝ «ወተር» ይለዋል፤ ዐረብኛም «ወተር»፣ ዕብራይስጥ «የትር»። ብዙው «አውታር» ነው። አማርኛ ብዙውን እንደ ነጠላ ወሰደና አውታሮች ብሎ ደግሞ አበዛው። ወጠረና ውጥረት በድምፅም በትርጉምም ወደ ወተር ይጠጋሉ። የሚያስደስተኝ ግን ኔትወርክን ለመሰየም አማርኛ «አውታረ መረብ» ማለቱ ነው። ጊታሩን የሚያስተጋባው አውታርና ቅጂውን ከአገር አገር የሚያደርሰው አውታር አንድ ቃል ሆኑ።

ለመቅዳት አማርኛ የመረጠው ግሥ «ቀረጸ» ነው። በግዕዝ መቅረጽ በስለት መፋቅ፣ በድንጋይና በእንጨት ላይ መቁረጥ ነው፤ ቅርጽና ቅርጻ ቅርጽ ከዚያ ናቸው። ጸን ወደ ጠ ብታዞሩት ቀረጠና ቀረጥ ይመጣሉ፤ ከሸቀጡ ላይ የሚቆረጥ ድርሻ። ድምፅ ቀረጻ የሚለው አባባል በመጀመሪያው ዘመን ቃል በቃል እውነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1877 የቶማስ ኤዲሰን መርፌ በቆርቆሮ ወረቀት ላይ ጎድጓዳ መስመር አወጣ። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 ገደማ በጀርመን አገር ያስቀረጹት ድምፅም በመርፌ የተፋቀ ነው። ሸክላ የምንለው እንዲህ ያለውን ዲስክ ነው። እንግሊዝኛው «ሪኮርድ» በላቲን «ኮር»፣ ልብ፣ ላይ የቆመ ነው፤ ወደ ልብ መመለስ፣ ማስታወስ። አንዱ ልብ ላይ ያኖራል፣ ሌላው ድንጋይ ላይ።

የስቴሪዮ ሸክላም የቅርጽ ሥራ ነው። በኢ.ኤም.አይ. ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብለምላይን እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 14 ቀን 1931 ባስገባው የባለቤትነት ማመልከቻ አንድ ጎድጓዳ መስመር ሁለት ግድግዳ ሊኖረው እንደሚችል አሳየ፤ ሁለቱም በ45 ዲግሪ ያዘነበሉ፣ አንዱ ግራውን፣ ሌላው ቀኙን የተሸከመ። ብለምላይን ስቴሪዮ የሚለውን ቃል አልተጠቀመም። የመረጠው «ባይኖራል» ነበር፤ በላቲን የሁለት ጆሮ። ግዕዝ ጆሮን «እዝን» ይለዋል፤ አማርኛ ቃሉን ለውስጥ መስማት አስቀርቶ እዝነ ልቡና ይላል። ዛሬ በኮምፒውተር ላይ የሚፋቅ ነገር የለም። ድምፁ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ተለክቶ ቁጥር ይሆናል፤ እኛ ግን አሁንም እንቀርጻለን።

አሁን ወደ ማስፋት። የአማርኛው «ሰፋ» ሁለት ቃል ነው። አንዱ ከግዕዙ «ሰፍሐ»፣ ዘረጋ፣ ሲሆን ሐው ወድቆ ሰፋ ሆነ፤ ሰፊ፣ ስፋት፣ አሰፋ። ሌላው ከ«ሰፈየ»፣ በመርፌ ጠቀመ፣ ሲሆን የው ወድቆ እሱም ሰፋ ሆነ፤ ስፌት፣ ሰፊ፣ ማሰፊያ። ሜዳው ይሰፋል፤ ልብሱም ይሰፋል። በጽሑፍ አይለዩም። ሁለት የተለያዩ ሥሮች የመጨረሻ ፊደላቸውን ጥለው አንድ በር ላይ ተገናኙ። መሶብ የሚሰፋ ሰው ሁለቱንም በአንድ እጅ ይሠራል፤ አክርማውን እየጠቀመ መሶቡን ያሰፋል፤ እያንዳንዱ ዙር ካለፈው ዙር ጋር ስለተያያዘ መሶቡ በሰፋ ቁጥር አይሳሳም። ጥሩ ስቴሪዮ እንደዚያ ነው።

ሳያያይዝ የሚያሰፋው ዘዴ በጣም የተለመደው ነው። የጊታሩን ትራክ ትገለብጣላችሁ፤ አንዱን ግራ፣ ሌላውን ቀኝ ታደርጋላችሁ፤ የቀኙን ከ10 እስከ 30 ሚሊሰከንድ ታዘገያላችሁ። ድምፁ በቅጽበት ይከፈታል። ዘዴው የጀርመናዊው ሄልሙት ሃስ ስም አለበት። ሃስ እ.ኤ.አ. በ1949 በጌቲንገን ባቀረበው የዶክትሬት ሥራ ቀጥታው ድምፅ ከደረሰ በኋላ በጥቂት ሚሊሰከንድ የሚከተል ድጋሚው ለብቻው እንደማይሰማ፣ አቅጣጫውን የሚወስነው ቀድሞ የደረሰው እንደሆነ አሳየ። «ሃዘ» በጀርመንኛ ጥንቸል ነው፤ የሃስ የቤተሰብ ስም ከዚያ የመጣ ይመስላል። በሃስ ሕግም ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል። ለዚህ ነው በዚህ ዘዴ የሰፋ ጊታር ሁልጊዜ ወዳልዘገየው ጎን ጋደል የሚለው።

ተከታዩን ድምፅ ግሪክ «ኤኾ» አለው፤ የሌላውን የመጨረሻ ቃል ብቻ የምትደግም የተራራ እመቤት ስም ነው። አማርኛ የገደል ማሚቶ አለ። ሁለቱም ሕዝቦች ገደሉን ሲሰሙ ሴት ሰሙና በስም ጠሯት። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ 10 ሚሊሰከንድ 3.4 ሜትር ነው። የሃስ ማሚቶ ገደል ላይ አትኖርም፤ እዚሁ ክፍል ውስጥ፣ ከጆሮ ሁለት ሦስት ርምጃ ላይ ናት።

ችግሩ የሚታየው ግራና ቀኙ ሲደመሩ ነው። የብሉቱዝ ስፒከሮች ብዙዎቹ ባለ አንድ አፍ ናቸው፤ የካፌ ጣሪያ ላይ ያሉት ስፒከሮች ብዙ ጊዜ ሞኖ ናቸው። ሞኖ ሲሆን የዘገየውና ያልዘገየው ጊታር ይጋጫሉ። መዘግየቱ 10 ሚሊሰከንድ ከሆነ በ50፣ 150፣ 250፣ 350 ኸርዝ እያለ በየ100 ኸርዙ ድምፁ ይጠፋል፤ በመሀሉ በ100፣ 200፣ 300 ኸርዝ ደግሞ ይደምቃል። አሁን ክሮቹን እንያቸው። 4ኛው ክር፣ ዲ፣ መሠረቱ 146.8 ኸርዝ ነው፤ ድምፁ ከሚጠፋበት ከ150 አጠገብ ወደቀ። 2ኛው ክር፣ ቢ፣ 246.9 ነው፤ እሱም ወደቀ። የሁለቱ መሠረታዊ ድምፅ ሊደርስበት ከሚገባው ወደ አንድ ዐሥረኛ ይወርዳል። 5ኛው ክር፣ ኤ፣ በ110፣ 3ኛውም፣ ጂ፣ በ196 ሳይነኩ ይቀራሉ። ጣት በጣት የተመታው ጊታር ውስጥ ሁለት ክር ሆዱ ባዶ ይሆናል፣ ሁለቱ ጎረቤቶቹ ሙሉ ናቸው። ባለሙያዎች ይህን ማበጠሪያ ይሉታል፤ በሥዕል ሲታይ ጥርሱ የተደረደረ ማበጠሪያ ነውና። አማርኛው «አበጠረ» ጸጉርም እህልም ያበጥራል፤ ሰውም ነገርን አበጥሮ ያውቃል። ሁሉም መለየት ነው። እዚህ ግን የተለየው ገለባው ሳይሆን ፍሬው ነው።

ይህ ራቂዐ ነው፤ የተቀጠቀጠ ሰማይ። ስፋት አለው፣ ስቴሬዎማ ግን አይደለም።

ብለምላይን ሌላም ነገር ትቶልናል፤ ድምሩንና ልዩነቱን። ግራና ቀኝ ሲደመሩ መሀል ይገኛል፤ ከግራው ላይ ቀኙ ሲቀነስ ጎን ይገኛል። ግዕዙ «ማእከል» በአማርኛ ብዙ ዘር ዘርቷል፤ ማእከል ሳይለወጥ ቀረ፣ መካከልም ወጣ፣ ከ ወደ ኸ ላልቶም መሀል ሆነ። በኦሪቱ ጠፈር የተዘረጋው በውኃ ማእከል ነው፤ የስቴሪዮ ጎንም የሚሰፋው በመሀሉ ዙሪያ ነው። የኤፍ ኤም ሬዲዮ ስቴሪዮ፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1961 ያጸደቀችው፣ በዚሁ ስሌት ይሠራል። ድምሩ በዋናው መስመር ይሄዳል፤ ልዩነቱ በ38 ኪሎኸርዝ ላይ ተጭኖ ይከተላል፤ በ19 ኪሎኸርዝ ያለ ምልክት ስቴሪዮ መሆኑን ይናገራል። አቀባበሉ ሲደክም ብዙው ሬዲዮ ልዩነቱን ይተውና መሀሉን ይዞ ይቀጥላል። አድማጩ ዘፈኑን አያጣም።

ብዙ የማስፊያ ፕለጊን የሚያደርገው ጎኑን ከፍ ማድረግ ነው። በሁለት ማይክ የተቀረጸ ጊታር ላይ ጎን አለና በመጠኑ ይሠራል። በአንድ ማይክ በተቀረጸው ላይ ግን ጎኑ ባዶ ነው፤ ባዶ ቢባዛ ባዶ ነው። ስለዚህ ፕለጊኑ ጎን መፍጠር አለበት። ለዚህ የተሻለውን መንገድ የዴንማርክ ሬዲዮ መሐንዲስ ሆልገር ላውሪድሰን በ1950ዎቹ አሳይቷል፤ የዘገየውን ቅጂ ግራው ላይ መደመር፣ ከቀኙ ላይ መቀነስ። የግራው ማበጠሪያ ጥርስ ባለበት የቀኙ ክፍት ነው፤ ሁለቱ ይጠባበቃሉ። ሞኖ ሲሆን የተደመረውና የተቀነሰው ተጣፍተው ያልተነካው ጊታር ይወጣል። ማስፋቱ ያረፈው በጎን ላይ ብቻ ስለሆነ ድፍኑ ሳይቆረጥ ይቀራል። ስቴሬዎስን ያልከዳ ማስፊያ ይህ ነው።

ሦስተኛው መንገድ እጥፍ ነው። ግዕዙ «ዐጸፈ» አጠፈ፣ ደረበ ነው፤ ጸ ወደ ጠ ዞሮ አማርኛው አጠፈና እጥፍ ሆነ። ግን ጸን የጠበቀም ልጅ አለው፤ አጸፋ። አጸፋ የተቀበሉትን መልሶ መስጠት ነው፤ ሰላምታም ምትም አጸፋ አለው። ጊታሩን ሁለት ጊዜ ተጫውቶ አንዱን ግራ፣ ሌላውን ቀኝ ማድረግ በሁለቱም ትርጉም ዐጸፈ ነው፤ ድምፁን ያጥፋል፣ ሁለተኛው እጅ ለመጀመሪያው አጸፋ ይመልሳል። ማንም ሰው አንድን ነገር ሁለት ጊዜ እኩል አይመታም። ጥፍሩ ትንሽ ይዘገያል፣ ጣቱ ክሩን ትንሽ ይስባል፣ ኃይሉ ይለያያል። የዊትስተን ሁለት ሥዕሎች እነዚህ ናቸው። ሲደመሩ የተወሰነ ማበጠሪያ መኖሩ አይቀርም፤ ግን ጥርሱ በየምቱ ቦታ ስለሚቀያይር አንድ ክር ላይ አይጸናም። የለንደኑ አቢ ሮድ ስቱዲዮ መሐንዲስ ኬን ታውንሰንድ እ.ኤ.አ. በ1966 ለቢትልስ የቴፕ መሣሪያ ፈለሰፈላቸው፤ ዘፋኙ ሁለት ጊዜ እንዳይደክም ማሽኑ እንዲያጥፍለት። ዛሬ የዚያ ዘዴ ልጆች በፕለጊን መልክ አሉ። ኮረስ የሚባለውም የዚያ ቤተሰብ ነው፤ ግሪኩ «ኾሮስ»፣ እየጨፈሩ የሚዘምሩ ሰዎች ቡድን። አማርኛ የዘፋኝ ተከታዮችን ተቀባይ ይላቸዋል፤ ኮረስ አንዱን ጊታር ራሱን እንዲቀበል ያደርገዋል። እውነተኛው እጥፍ ግን የሰው እጅ ሁለት ጊዜ የመታው ነው፤ ተጎንጉኗል፣ ታስሯል።

ከመጀመሪያው ሁለት ማይክ የሚተክልም ከዚሁ ወገን ነው። ሁለቱን ጫፍ ለጫፍ አጠጋግቶ በ90 ዲግሪ የሚያቆራርጠው አቀማመጥ ሞኖን በደንብ ይታገሣል፤ ድምፅ ለሁለቱም በእኩል ጊዜ ይደርሳልና። የፈረንሳይ ሬዲዮ ያወጣው ደግሞ ማይኮቹን በ17 ሳንቲ ሜትር ያራርቃል፣ በ110 ዲግሪ ይከፍታቸዋል፤ ርቀቱ ከሰው ሁለት ጆሮ ርቀት ጋር ይቀራረባል። ልዩነቱን የሚሠራው ክፍሉ፣ እንጨቱና አየሩ ነው።

ድምፁን ግራና ቀኝ የምታሰማሩበት ቁልፍ ፓን ይባላል፤ የፓኖራማ ቁራጭ ነው። አየርላንዳዊው ሠዓሊ ሮበርት ባርከር በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ተመልካቹን ዙሪያውን ለሚከብብ ሥዕሉ ያወጣው ስም ነው፤ «ፓን» ሁሉ፣ «ሆራማ» እይታ። ፓንም በቤተ ክርስቲያን በር ቀድሞ ገብቷል። ከተሰዓቱ ቅዱሳን አንዱ ጰንጠሌዎን ስሙ «ጰንጠ»፣ ሁሉ፣ እና «ሌዎን»፣ አንበሳ፣ ነው። ግዕዝ ለግሪኩ ፒ ብሎ ጰን የራሷ ፊደል አድርጎ አኖራት። ጰንጠሌዎን ዘጾማዕት ይባላል፤ ጾማዕት ጠባብ በዓት ናት። ስሙ ሁሉን የያዘ ሰው በጠባብ ቦታ ጸና።

የፓን ሁለት ጫፎችም ታሪክ አላቸው። ግዕዝ ቀኝን «የማን» ግራን «ፀጋም» ይላል፤ አማርኛ ሁለቱንም ትቶ ቀኝና ግራ አለ። እንደ የማነ ብርሃን ያሉ ስሞች የጥንቱን ቀኝ ይዘው ቀሩ። ግራ ደግሞ ወደ አእምሮ ገባ፤ ግራ ገባኝ፣ ግራ ተጋባን። ጎኑ ከመሀሉ በላይ ሲጎላ ጆሮ የሚሆነው ይህ ነው። ድምፁ ከየት እንደሚመጣ አያውቅም፤ ከስፒከሮቹ ውጭ፣ አንዳንዴም ከራስ ቅል በስተኋላ የሚመጣ ይመስለዋል። የኮምፒውተሩ የዝምድና መለኪያ በዚያን ጊዜ ከዜሮ በታች ወርዶ ወደ −1 ይሄዳል። በ+1 ላይ ግራና ቀኝ አንድ ናቸው፤ በዜሮ ዙሪያ አይተዋወቁም፤ በ−1 ይጣፋፋሉ።

ሙዚቀኞቻችን ዋይድ፣ ደብል፣ ሞኖ ይላሉ፤ ይበሉ፣ ብድር ለቋንቋ ነውር አይደለም። መነኩሴም ኤጲስ ቆጶስም ብድር ናቸው። ከብድሩ ጎን ግን የራሳችን ቃላት ሥራ ቢያገኙ እወዳለሁ። ከአንድ ትራክ ስፋት የሚያወጣው ፕለጊን ማስፊያ ይባል። ሁለት ጊዜ የተመታው ጊታር እጥፍ ይባል። ሞኖ ሲሆን ሳይጎድል የሚቆመው ድምፅ ደግሞ ጽኑ ይባል፤ የስቴሪዮን የጥንት ትርጉም ከዚህ በላይ የሚሸከም ቃል የለንም። እንዲህ ከሆነ በስቱዲዮ ውስጥ የሚጠየቀው ጥያቄ «ሰፋ ወይ?» ብቻ አይሆንም። የሞኖ ቁልፍ ተጭኖ፣ 4ኛውንና 2ኛውን ክር ለይቶ አድምጦ፣ «ጸና ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ካልጸና መዘግየቱ ይነሣና ጊታሩ እንደገና ይመታል።